«ከላብራቶሪ የወጣ ንጹህ ነው» ይላል ሰውዬው

የከዚራ ልጅ፦ አቦ ትናንት በርጫ ላይ አንድ ሰውዬ ደሜን አፈላው። ወሬው ሰው ሠራሽ ካናቢስ ላይ ደረሰ። «ከላብራቶሪ የወጣ ንጹህ ነው፣ ሐሺሹ ነው ቆሻሻው። ምን ብለው ይከለክሉታል?» አይል መሰላችሁ! የመረቀነው ሁሉ ራሱን ነቀነቀለት።

ነጭ ጋዋን፦ ንጹህ? ዱቄቱን በአሴቶን አሟምተው ደረቅ ቅጠል ላይ ነው የሚረጩት። አንዱ ቅጠል ጠብታ ይደርሰዋል፣ ሌላው ጎርፍ። አጫሹ በምን ይለያል? የሐሺሹ ዋና አስካሪ ንጥረ ነገር ቲኤችሲ አንጎል ውስጥ ሲቢ1 የሚባለውን ተቀባይ የሚቀሰቅሰው በከፊል ነው። ጄደብሊውኤች-018 የሚባለው ሰው ሠራሹ ግን ሙሉ በሙሉ። ስለዚህ ነው ልብ የሚያስሮጠው፣ የሚያንቀጠቅጠው። በተለመደው የሐሺሽ የሽንት ምርመራም አይታይም።

የታይዋን ነጋዴ፦ እህቴ፣ ሰውዬው ያወራው ስለ ዱቄቱ ነው። ስለሚረጨው ሰው መች አወራ? ጆን ሀፍማን ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ቁጭ ብሎ ለምርምር የሠራው ነገር ነው። ቢላዋ ሰው ወጋ ተብሎ አንጥረኛ ይታሰራል?

ነጭ ጋዋን፦ ሀፍማንን ማን አሰረው? እሱ ሰው ያጭሰው አላለም። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ጀርመን ውስጥ «ስፓይስ» ከሚባለው ፓኬት ውስጥ ነው ዱቄቱ የተገኘው። ዕጣን ነው ብለው ይሸጡት ነበር።

ጀጎል፦ ዕጣን! የእናቴ ማጨሻ ይህን ቢሰማ።

የከዚራ ልጅ፦ 😂

ጀጎል፦ ግን እናንተ ድሬዎች፣ ይህን ሁሉ የምትጽፉት ጉንጫችሁን ወጥራችሁ ነው። ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካቲኖን፣ በ1971ዱ (እ.ኤ.አ.) የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ሠንጠረዥ 1 ላይ፣ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ካሉት መሀል አለ። ጫቱ ግን የለም። ያ ሰውዬ ይህን ቢያውቅ «ንጹሁን ከልክለው ቅጠሉን ተዉ» ይላችሁ ነበር።

የከዚራ ልጅ፦ ጫታችንን ተዋት አቦ! እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ስትከለክላት የጮኸው ማን ነበር? የአወዳይ ዘመዶችህ አይደሉም?

ጀጎል፦ እኛስ ንጹህ ነው ብለን አናውቅም። አጥበን እንቅማለን።

የታይዋን ነጋዴ፦ ወደ ነገራችን። ክልከላው ምን ፈየደ? አሜሪካ በማርች 2011 ጄደብሊውኤች-018ን ከለከለች። ነጋዴው ኤኤም-2201ን ይዞ መጣ። ያው ነገር ነው፣ የሞለኪዩሉ ጅራት ላይ አንዲት ፍሎሪን ብቻ ተቀጥላበት።

ነጭ ጋዋን፦ ለዚህ እኮ ነው ቻይና በጁላይ 2021 አንድ በአንድ መልቀሙን ትታ ዘር ማንዘሩን የከለከለችው።

የታይዋን ነጋዴ፦ ከዚያስ? ከተከለከለው ቅርጽ ውጭ የሆኑ ኦክሲዚድ የሚባሉ አዳዲሶች አልመጡም? አሁን ደግሞ መድኃኒት የሚፈልግ ተመራማሪ ለአንዲት ግራም ስንት ማኅተም ያስመታ?

ነጭ ጋዋን፦ ያስመታ! ሌሊት ተረኛ ሆነህ፣ ምን እንዳጨሰ የማይታወቅ ልጅ እየተንፈራገጠ ቢመጣልህ ስለ ማኅተም አታወራም።

የታይዋን ነጋዴ፦ እኔ ስለ ሕግ ሳወራ አንቺ ስለ ተረኛ። አሁንም ዱቄቱ ንጹህ አይደለም አላልሽም።

ነጭ ጋዋን፦ መርዝም ንጹህ ይሆናል ወንድሜ።

ጀጎል፦ የከዚራ ልጅ፣ ይህን ለሰውዬው ንገረው።

የከዚራ ልጅ፦ እንዴት ብዬ? ዛሬም ጫቱን የሚገዛው እሱ ነው።