ማይክሮሰርቪስ ወይስ ባለበት ይቀጥል? የ5 ዓመት ወጪውን እንዴት ላስላው?

ባክኤንድ_ልጅ፦
ሰላም ጓዶች። ትልቁን ሲስተማችንን ወደ ማይክሮሰርቪስ (በየራሳቸው ወደሚሠሩና በኔትወርክ ወደሚነጋገሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) እንከፋፍለው የሚል ሐሳብ ተነስቷል። አለቃዬ ደግሞ «በ5 ዓመት ስንት ያስወጣናል? ምንስ ያስገኝልናል?» አለኝ። የግንባታውን መገመት አያቅተኝም፣ ከዚያ በኋላ ያለው ነው ግራ ያጋባኝ።

የሌሊት_ተረኛ፦
ግንባታው ትንሹ ነው ወንድሜ። ሲስተም ብዙውን ገንዘብ የሚበላው ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው። አንድ የነበረው ፕሮግራም ሃያ ሲሆን ሎጉም (የሥራ መዝገቡ)፣ ሞኒተሪንጉም (ክትትሉ)፣ የሴኪዩሪቲ ማሻሻያውም አብሮ ይበዛል። ዛሬ እዚያው ፕሮግራም ውስጥ አንዱ ፈንክሽን (የኮድ ክፍል) ሌላውን ጠርቶ የሚያልቀው ነገር ነገ በኔትወርክ ይሄዳል፤ ኔትወርክ ደግሞ ይዘገያል፣ ይቋረጣል፣ አንዱ ሰርቪስ ሂሳብ ቀንሶ ሌላው ትዕዛዙን ሳይመዘግብ ሊቀር ይችላል። ያንን ሌሊት ተነስቶ የሚፈታው ማነው? የሱም ሰዓት ሂሳቡ ውስጥ ይግባ። ክላውዱን (ሰርቨር የሚያከራየውን ድርጅት) መቀየር ብትፈልጉ ዳታ ለማውጣት የሚከፈለውም እንዳይረሳ።

ዳታ_ወዳድ፦
የአማዞን ፕራይም ቪዲዮ መሐንዲሶች በ2023 የጻፉትን ፈልገህ አንብብ። የቪዲዮና የድምፅ ጥራት የሚከታተለውን አገልግሎት ከተበታተነ አሠራር ወደ አንድ ፕሮሰስ (አብሮ ወደሚሠራ አንድ ፕሮግራም) ሰበሰቡት፣ የመሠረተ ልማት ወጪው ከ90% በላይ ወረደ። ካስወደዱት ነገሮች አንዱ ምስሎቹን በክፍሎቹ መካከል በማከማቻ በኩል ማመላለሱ ነበር። ግን የአንድ አገልግሎት ጉዳይ ነው፤ ሰው ይህን ይዞ «ማይክሮሰርቪስ አይረባም» ሲል ያናድደኛል።

ቁጥር_ይናገር፦
ጥቅሙንም በወሬ አትተወው፣ «ስኬል ያደርጋል» (ተጠቃሚ ሲበዛ ይችላል) ብቻ አይበቃም። የካርኔጊ ሜለኑ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ኢንስቲትዩት ያወጣው ሲባም (CBAM) የሚባል ወጪና ጥቅም ማመዛዘኛ ዘዴ አለ። አንድ ሁኔታ ትይዛለህ፣ ለምሳሌ «ተጠቃሚ 10 እጥፍ ሲሆን ምላሹ ከ2 ሰከንድ አይለፍ»። አሁን የት ነን፣ በአዲሱ የት እንደርሳለን፣ ልዩነቱ ለድርጅቱ ምን ያህል ይጠቅማል ብለህ ነጥብ ትሰጥና ነጥቡን በወጪው ታካፍለዋለህ። የወደፊቱን ገንዘብም ወደ ዛሬ ዋጋ መልሰው፤ ገንዘብ በዓመት 10% ያፈራል ብለህ ከያዝክ ከ5 ዓመት በኋላ የምታወጣው 100 ዛሬ 62 ገደማ ነው። ለአለቃህ ደግሞ አንድ ቁጥር አትስጠው፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ስጠው።

ባክኤንድ_ልጅ፦
ተባረኩ። «ባለበት ይቀጥል» የሚለውን ዜሮ ልያዘው?

የሌሊት_ተረኛ፦
ኧረ ዜሮ አይደለም! ያው መጠን ያለው ፊቸር (አዲስ ተግባር) ለመጨመር ዓምና ስንት ሳምንት ይፈጅ ነበር፣ ዘንድሮስ? ልዩነቱን በደመወዝ አባዛው፣ ያ ነው ባለበት የመቆየት ወጪህ። ሦስተኛ አማራጭም ጨምርበት፦ ሞጁሎቹን (የፕሮግራሙን ክፍሎች) እዚያው ውስጥ ለያይቶ፣ በጣም የሚጨናነቀውን አንዱን ብቻ ማውጣት።