ሶሪ ማለት ይቅርታ ብቻ ነው እንዴ?

አንዲት እህታችን የጠየቀችው ነገር ቀላል ይመስላል ግን አደለም። "አባቴ ማረፉን ለአንድ ፈረንጅ የስራ ባልደረባዬ ስነግረው አይ አም ሶሪ አለኝ፣ እሱ ምን አጥፍቶ ነው?" ነው ያለችው። መጀመሪያ ነፍስ ይማር እህቴ፣ እግዜር ያጥናሽ።

ምንም አላጠፋም። ሶሪ ሲባል እኛ ጆሮ ላይ ቶሎ የሚመጣው ይቅርታ ስለሆነ ነው ግራ የሚያጋባን እንጂ ቃሉ ሲነሳ ከጥፋት ጋር ጭራሽ አይተዋወቅም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ሳሪግ ይባል ነበር፣ ሕመም ያለበት፣ ልቡ የቆሰለ እንደማለት ነው፣ ዛሬ ጉሮሯቸውን ሲከረክራቸው ሶር የሚሉት ቃል የሱ ወንድም ነው። (ሐዘን የሚባለው ሶሮው ደሞ የሚገርመው ከሌላ ሥር የመጣ ነው፣ ድምፃቸው ስለተቀራረበ ነው ሰው ቤተሰብ የሚያደርጋቸው።) ስለዚ ሰውዬው ያለሽ ቃል በቃል ሲፈታ "አመመኝ" ነው፣ ያንቺ ሐዘን እኔንም አመመኝ።

የኛ ይቅርታ ደሞ የመጣው ቀረ ከሚለው ነው፣ ይቅር፣ ይተው። ማን ነው የሚተወው? የተበደለው ሰውዬ ነዋ! ይቅርታ ስልህ ካንተ የምለምነው ነገር አለ፣ አንተም ልትከለክለኝ ትችላለህ፣ ሶሪ ስልህ ግን የራሴን ሆድ ነው የምነግርህ። እኔ እንደሚመስለኝ የቃሉ ጣጣ በሙሉ የሚመጣው ከዚች ልዩነት ነው።

ለዛ ነው እንግሊዝኛ በአንድ ሶሪ የሚጨርሰውን እኛ በየቦታው የምንበትነው። ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ እናት "እኔን! እኔን ይድፋኝ!" ትላለች፣ ያ ሶሪ ነው። የታመመ ሲጠየቅ አይዞህ፣ ለቅሶ ቤት እግዜር ያጥናችሁ፣ ሰው የተናገረው ካልተሰማን አቤት ወይ ምን አልክ (እንግሊዞቹ እዚም ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሶሪ? ይላሉ፣ አሜሪካኖቹ ኤክስኪዩዝ ሚ ወይ ፓርደን ማለት ያበዛሉ)። ፊልም ላይ ሰው ሲሞት የሚሉትን "ሶሪ ፎር ዩር ሎስ" "ስለደረሰብህ ኪሳራ ይቅርታ" ብለው ተርጉመውት አንብቤ አውቃለሁ፣ የሟች ወንድም እኮ ነው የቆመው፣ ሱቁ የተቃጠለበት ነጋዴ አስመሰሉት። "አዝናለሁ" የሚለውም ቢሆን ለቅሶ ላይ ስትለው የተተረጎመ ድራማ ድራማ ይሸታል፣ የኔ አስተያየት ነው።

አንዱ ወንድማችን ደሞ "ኤ ሶሪ ስቴት ምንድነው፣ ያዘነ መንግስት?" ብሎ አስቆናል። አደለም ወንድሜ፣ እዛ ላይ ቃሉ ከስም በፊት ሲገባ ትርጉሙ ይዞርና የሚያሳዝን፣ የማይረባ፣ ያሳፈረ ይሆናል፣ ስቴት የተባለውም ሁኔታ ነው። ቤቱ ሶሪ ስቴት ላይ ነው ካሉ ቤቱ ተጎሳቁሏል ማለት ነው። ሶሪ ኤክስኪዩዝ ካሉም "ይሄም ምክንያት ተብሎ!" ብለህ አንብበው። ዩ ዊል ቢ ሶሪ ሲሉህ ግን ሽሽ፣ ዛቻ ነው፣ ዋ! ኋላ ትጸጸታለህ።

ተመሳሳይ ቃላቱን የጠየቃችሁ፣ ሪግሬት ጸጸት ነው ግን ቀዝቃዛ ነው፣ የመስሪያ ቤት ደብዳቤ ይወደዋል፣ ባይሆን ጥሩ ነበር ይልና ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይናገር ያልፋል። አፖሎጂ ጥፋትን አምኖ ይቅርታ መጠየቅ ነው፣ የኛ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በሽማግሌ ፊት የሚቆመው ዓይነት። (የአፖሎጂ የግሪክ አባቱ ግን ተቃራኒው ነበር፣ ሶቅራጥስ ችሎት ፊት ቆሞ እንዳደረገው ራስን መከላከል ማለት ነው፣ ቃል እንዲህ ነው የሚገለበጠው።)

ይሄ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ አገር ያጣላል። አውስትራሊያ ውስጥ ከቤተሰባቸው ተነጥቀው የተወሰዱ የቀደምት ሕዝቦች ልጆች ጉዳይ ላይ በ1999 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ ፓርላማው "ጥልቅና ልባዊ ሪግሬት" እንዲል አደረገ፣ ሶሪ ግን አልወጣውም። ሕዝቡም ያንን አንድ ቃል ሲጠብቅ ከርሞ ኬቨን ረድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ መጣና ፌብሯሪ 13 ቀን 2008 ዊ ሴይ ሶሪ አለ፣ ሰው አደባባይ ላይ በስክሪን እያየ አለቀሰ።

ከሱ በላይ የሚገርመኝ ግን የ2001ዱ ነው። ኤፕሪል 1 የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላንና የቻይና ተዋጊ ጄት ሃይናን ደሴት አጠገብ ተጋጩ፣ ዋንግ ዌይ የሚባለው ቻይናዊ አብራሪ ሞተ፣ አሜሪካኖቹ ሳይፈቀድላቸው ደሴቱ ላይ አረፉና 24ቱም ተያዙ። ቻይና ይቅርታ ጠይቁ አለች፣ አሜሪካ አላጠፋሁም አለች። በመጨረሻ ቻይና ያለው የአሜሪካ አምባሳደር ደብዳቤ ጻፈ፣ ውስጡ ሁለት ቬሪ ሶሪ አለ፣ አንዱ ለአብራሪው ሞት አንዱ ያለፈቃድ ለማረፋቸው። ቻይና በራሷ ቋንቋ ይቅርታ በሚመስል ቃል ተርጉማ ለሕዝቧ ነገረች፣ አሜሪካ ደሞ ሐዘናችንን ነው እንጂ የገለጽነው ይቅርታ አልጠየቅንም አለች፣ ሰዎቹም ከ11 ቀን በኋላ አገራቸው ገቡ። ሁለቱም አልዋሹም እኮ፣ ቃሉ ነው ሁለት ኪስ ያለው! ያን ቀን ይቅርታ የሚለው የኛ ቃል ብቻ ቢኖር ኖሮ ምን ሊጽፉ እንደነበር እንጃ።

ውጭ አገር መኪና ለምትነዱም ነገሩ ይነካችኋል። ግጭት ሲደርስ ሶሪ አትበል፣ ጥፋትህን አመንክ ይሉሃል እየተባለ ይወራል አደል? ሕጉ እንደየቦታው ነው። አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስ የምትባለው ግዛት በ1986 የሐዘኔታ ቃል ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ ሕግ አወጣች። ካሊፎርኒያም የሐዘኔታውን ትከላከልልሃለች፣ ጥፋትህን የተናገርክበትን ግን አትሸፍንልህም፣ ማለትም "ስለተጎዳህ ሶሪ" ብትል ችግር የለውም፣ "ሶሪ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" ካልክ ሁለተኛዋ ግማሽ ትያዝብሃለች። ኦንታሪዮ ካናዳ ደሞ በ2009 ባወጣችው ሕግ ጥፋትህን ያመንክበት ይቅርታ እንኳን ቢሆን በፍትሐ ብሔር ክስ ማስረጃ አይሆንም ብላለች፣ የትራፊክ ክስን ግን ሕጉ አይሸፍንም።

አዲስ አበባ ላይ የምንላት ሶሪ ደሞ ሌላ ናት፣ ከዛ ሁሉ ትርጉም ቀላሏን ብቻ ነው መርጠን ያስገባናት። ታክሲ ውስጥ እግር ስትረግጥ ሶሪ፣ ቴክስት ዘግይተህ ስትመልስ ሶሪ። የሰው ልብ የሰበርክ ቀን ሶሪ ብትል ግን "ምን ሶሪ ትለኛለህ ደሞ!" ትባላለህ፣ እዛ ላይ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አጥፍቻለሁ ማለት ግድ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሶሪ ያለ ሰው እስካሁን አላየሁም፣ እህታችን ግን ሰኞ ስራ ስትገቢ ለባልደረባሽ ታንክ ዩ በይው፣ የሚጠበቀው መልስ እሱ ነው፣ "ምንም አይደል" እንዳትይው ብቻ።