የወር አበባን ለ6ኛ ክፍል ተማሪዎች እንዴት ላስተምር?

ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ የ6ኛ ክፍል ሳይንስ መምህር ነኝ። የወር አበባ ትምህርት ላይ ተቸግሬያለሁ። ገና ርዕሱን ስጽፍ ወንዶቹ ይሳሳቃሉ፤ ሴቶቹ አንገታቸውን ይደፋሉ።

ሞዴስ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ መቀየር እንዳለበት ነገርኳቸው። ግን የት ይቀይሩ? ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ የሽንት ቤቱ በር መቀርቀሪያ የለውም። በዚያ ሰሞን ከትምህርት የሚቀሩ ልጆች አሉ። አንጀቴን ይበሉታል።

ወንዶቹን ለይቼ ላስተምር ወይስ አብረው ይስሙ? እኔ አብረው ቢሰሙ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ካላወቁ መሳቃቸውን አይተዉም። አንዳንድ ወላጆች ግን «የልጆቻችንን ዓይን አትክፈቱብን» ይላሉ። እናንተ ከወላጅ ጋር እንዴት ተግባባችሁ? በተለይ ወንድ መምህራን፣ እባካችሁ ልምዳችሁን አካፍሉኝ።