የመምህራን ግሩፕ ቻት። ነጥብ በጨዋታ፦ ኮርስን እንደ ጌም በነጥብና በደረጃ የማስተማር ፕሮፖዛሉ ረቂቅ ላይ ሐሳብ ስጡ

ሰብሳቢ፦ እስከ ዓርብ ካላስገባን የተያዘልን 40 ሺህ ብር ተመላሽ ነው። አንድ ኮርስ፣ አንድ ሴሚስተር። ተማሪው ከዜሮ ይነሳል፤ ኩዊዙም፣ ላቡም፣ ጓደኛውን ማስረዳቱም ነጥብ ያስገኝለታል፣ የወደቀበትን ደግሞ ይሞክራል። የጌም ዲዛይነሩ ሊ ሼልደን አሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር እንዳደረገው። ደረጃዎቹ ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ደጃዝማች፣ ራስ።

ሒሳብ፦ ሬጅስትራር "ደጃዝማች" ብሎ ትራንስክሪፕት ሊያወጣ ነው?

ሰብሳቢ፦ 900 የሞላ ኤ። ገጽ 2 አንብብ።

ታሪክ፦ የየካቲቱ አብዮት የጣለውን ማዕረግ እኛ ክፍል ውስጥ ልንሾም?

ባዮሎጂ፦ ጋሼ፣ ጨዋታ እኮ ነው።

ታሪክ፦ ጨዋታ ከሆነ ገበጣ በሉት!

እንግሊዝኛ፦ ሴት ተማሪዬንስ "ራስ እገሊት" ልበላት?

ባዮሎጂ፦ እንደ ካራቴ ቀበቶ እናድርገው በቃ። ነጭ፣ ቢጫ፣ ጥቁር።

ታሪክ፦ ይባስ ብሎ የጃፓን! እኔ ስሜ እንዳይገባበት።

ሰብሳቢ፦ ከጠዋት ጀምሮ ስለ ማዕረግ። ስለ ፋይናል ትንፍሽ ያለ የለም።

ሒሳብ፦ እኔ ልበል። ባለፈው በአንድ ሴክሽን ሞክሬዋለሁ። አንድ ልጅ ኢንቴግሬሽን ላይ ሦስቴ ወድቆ በአራተኛው 9 ከ10 አመጣ፣ በድሮው ቢሆን የመጀመሪያዋ 2 ተጽፋበት ትቀር ነበር። ሌላዋ ደግሞ ቀላል ቀላሉን እየመረጠች ነጥብ ቆለለች፣ ኢንቴግራል የሚባል ሳትነካ። 64 ተማሪ እየደጋገሙ ማረም ደግሞ ወገብ ይቆርጣል።

እንግሊዝኛ፦ ኤግዚት ኤግዛም ከመጣ ከ2015 ወዲህ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ራስም ሁን ጥቁር ቀበቶ፣ እዚያ አያድንህም።

ሒሳብ፦ ኤክሴሉን እሠራለሁ ያለው የአይቲ ልጅ የት ገባ?

ባዮሎጂ፦ አንብቦታል፣ ዝም ብሏል።

ታሪክ፦ ቅድም ተናድጄ ነው፣ ይቅርታ። ማዕረጉ ብቻ ይውጣ፣ እፈርማለሁ።

ሰብሳቢ፦ ወጥቷል። እርማቱ ስለሚከብድ ድጋሚ ሙከራው ለኩዊዝ ብቻ፣ እሱም አንዴ። ፋይናሉ 50 እንዳለ።

ሒሳብ፦ ታዲያ ምን ቀረ?

ሰብሳቢ፦ የነጥብ ካርዱ። ማሳተሚያው 22 ሺህ።

ገንዘብ ያዥ፦ ያለ ሦስት ፕሮፎርማ አልከፍልም። ቀሪው 18 ሺህስ?

እንግሊዝኛ፦ ቲሸርት።

ታሪክ፦ ቀለሙ ምን ሊሆን ነው?