ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ሽርክና ይሻለናል ወይስ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር (ኃ.የተ.የግ.ማ.)?
ሰላም ለሁላችሁ። የሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ በቴሌግራም ትዕዛዝ እየተቀበልን መሸጥ ከጀመርን ስምንት ወር ሆነን። ብሩ የሚገባው በእኔ የግል ሂሳብ ነው። ትናንት ማታ ደብተሩን ገልጠን ስንደምር የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ መለየት አቃተን። በገንዘብ ምክንያት እንዳንቀያየም በጣም ፈራሁ።

የንግድ ሕጉን (አዋጅ 1243/2013) አነበብኩ። በኅብረት ሽርክና ማኅበር ዕዳ ከመጣ የየግል ንብረታችንም አይተርፍም። በኃ.የተ.የግ.ማ. ግን ኃላፊነታችን ባዋጣነው ይወሰናል፤ መነሻ ካፒታሉም 15,000 ብር ስለሆነ አይከብደንም።

የጨነቀኝ የሦስተኛው ጓደኛችን ነገር ነው። የሚያዋጣው ብር የለውም፤ ድረ ገጹን ግን ሌት ተቀን ለፍቶ የሠራው እሱ ነው። ድካሙ እንዴት ድርሻ ይሁንለት? ድረ ገጹን አስገምተን በዓይነት መዋጮ (በጥሬ ብር ሳይሆን በንብረት በሚሰጥ መዋጮ) ማስገባት እንችላለን? በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ አማክሩኝ።