ከፊት ባስቀምጣትም አትሰማኝም፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፣ መምህርት ከድሬ
ሰላም ለሁላችሁ። 4ኛ ክፍል ነው የማስተምረው። አንዲት ተማሪዬ ቀኝ ጆሮዋ አይሰማም፤ በግራዋ የመስሚያ መሣሪያ ታደርጋለች። ከፊት፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳት። ግን ቃል ጽሕፈት ሳስጽፍ ግማሹን ትዘላለች። "ገባሽ?" ስላት ሁሌም "አዎ" ናት። ክፍሉ በልጅ ጢም ያለ ነው።

ጎረቤትሽ
ጮክ ብለሽ አስተምሪ፣ በቃ።

የሳቢያን እናት
አቦ፣ እኛ ድሬዎች አንቱታ አናውቅም፤ አንቺ ልበልሽ። መስኮቱ በየት በኩል ነው? በግራዋ ከሆነ ደህናው ጆሮ የሚያዳምጠው የመንገዱን ባጃጅ ነው። ወደ ቀኙ ጠርዝ ውሰጃት። ያኔ ግራ ጆሮዋ ወደ አንቺና ወደ ልጆቹ ይዞራል። ከቬንቲሌተሩም አርቂያት፤ መሣሪያው የሱንም ጩኸት አብሮ ነው የሚያጎላው። የኔ ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ የሰማው ቬንቲሌተር ነው።

ሐረሬው
ጩኸቱ ይቅርብሽ። ስትጮኺ አፍሽ ይጣመማል፣ እኛ ደግሞ ግማሹን የምንሰማው ከከንፈር ነው። እኔ "ገባኝ" እያልኩ ነው 8ኛ ክፍል የደረስኩት። ሰው ፊት "አልሰማሁም" ማለት ያሳፍራል። "ገባሽ?" አትበያት፤ ለብቻዋ ጠጋ ብለሽ "ምን አልኩ?" በያት። ወደ ሰሌዳ ዞረሽም አታውሪ።

ቃል ጽሕፈት ደግሞ ለኛ ፈተና ነው። "በራ" እና "መራ" ከንፈር ላይ አንድ ናቸው፤ በመስታወት ሞክሪው። አዲሶቹን ቃላት ቀድመሽ ሰሌዳ ላይ አሳያት፣ ወይም በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብተሽ ጥሪላት።

ነርስ ነኝ
መሣሪያው ራሱ ይሠራል? በርቶ ሳለ እፍኝሽ ውስጥ ጨብጪው፤ አብዛኛው ሲጥ ይላል። ዝም ካለ መጀመሪያ ባትሪውን ተጠራጠሪ። ትንሿ ክብ ባትሪ የምትሠራው በአየር ነው። ስቲከሯ ከተላጠ፣ ባትጠቀሙባትም ማለቅ ትጀምራለች፤ መልሶ መለጠፍ አያድናትም። በኛ ሙቀት ላብም መሣሪያውን ያበላሻል፤ ማታ ማታ ደረቅ ቦታ ይደር። ጆሮዋ ፈሳሽ ካለው ግን ሐኪም ይየው።

መምህርቷ
መስኮቱ በግራዋ ነበር! ዛሬ ቀየርኳት። "በራ" እና "መራ"ንም ባሌ ላይ ሞከርኩት፣ አልለየም። መሣሪያው ግን ጭጭ አለ። እናቷን ጠራኋት። ለካ ባትሪዎቹን በገዛችበት ቀን ስቲከራቸውን በሙሉ ልጣ ነው ያስቀመጠችው። "ለልጅቷ እንዲቀላት ብዬ" አለችኝ።