72 ወር የከፈልኩት ኪራይ የት ገባ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እህት ወንድሞች፣ አንድ ነገር አስረዱኝ። እዚህ አሜሪካ ስድስት ዓመት ኪራይ ከፍያለሁ። አንድም ወር አላሳለፍኩም። ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን ከሥራ ስወጣ መኒ ኦርደር (ገንዘብ ከፍለው የሚገዙት የክፍያ ወረቀት) እገዛና በፖስታ አድርጌ ባለቤቱ በር ሥር አስገባለሁ። ጉርዶቹ በሙሉ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አሉ። ባለፈው ሳምንት የቤት ብድር ልጠይቅ ሄድኩ። ሰውዬው ኮምፒውተሩን አየና «የክሬዲት ታሪክሽ፣ ማለትም ብድር የመክፈል መዝገብሽ፣ በጣም አጭር ነው» አለኝ። የታየው ካወጣሁት ዓመት የሆነው የክሬዲት ካርድ ብቻ ነው። ታዲያ 72 ወር የከፈልኩት የት ገባ?

የብድር ሠራተኛው፦
እህቴ፣ የትም አልገባም። ማንም አላሳወቀልሽም። የክሬዲት ታሪክ የሚመዘግቡት ሦስቱ ቢሮዎች፣ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን፣ የሚያውቁት የተላከላቸውን ብቻ ነው። ባንክና የካርድ ኩባንያ በየወሩ ይልካል፤ አብዛኛው አከራይ አይልክም። ቢልክ እንኳ ነገሩ አያልቅም። ከመዝገቡ የክሬዲት ነጥብ የሚያወጡ የተለያዩ ስሌቶች አሉ፤ ፋይኮ 9፣ ፋይኮ 10 እና ቫንቴጅስኮር የተላከ ኪራይ ይቆጥራሉ። ብዙ አበዳሪ የሚያየው ፋይኮ 8 ግን አይቆጥርም። ስለዚህ አንዱ ጋ ነጥብሽ ከፍ ብሎ ሌላው ጋ ባለበት ሊቆም ይችላል።

ሾፌሩ፣ ከአሌክሳንድሪያ፦
እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በሰዓቱ ስትከፍል ማንም አያይህም። አንዴ ሲጎድል ግን ወዲያው ትታያለህ። ከአንድ አፓርታማ ስወጣ «ምንጣፍ አበላሽተሃል» ብለው 400 ዶላር ጻፉብኝ። አድራሻ ቀይሬ ስለነበር ደብዳቤው አልደረሰኝም። ለኮሌክሽን፣ ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት፣ ሰጡት። ያወቅኩት መኪና ልገዛ ሄጄ ወለዱን ሲነግሩኝ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የክሬዲት ሪፖርት ላይ ሰባት ዓመት ይቀመጣል! እዚያ ቤት ሦስት ዓመት በሰዓቱ የከፈልኩት ግን አንድ መስመር እንኳ የለውም። አከራይ ሁሉ ሪፖርት እንዲያደርግ በሕግ ይገደድ ባይ ነኝ።

አከራይዋ፦
ልጄ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን «አከራይ ሁሉ» ስትል እኔንም ጨምረህ ነው። እኔ ያለኝ አንድ ቤዝመንት ነው። ተከራይዋ ልጅ በዜል፣ በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ፣ ትልክልኛለች፣ እኔም «ደርሶኛል፣ ተባረኪ» ብዬ እጽፍላታለሁ። ይኸው ነው ወረቀታችን። በየወሩ ለሦስት ድርጅት መረጃ ላኪ ብትሉኝ ማከራየቱን እተወዋለሁ።

የሎስ አንጀለሱ፦
እትዬ፣ እርስዎን አይነካም። እኛ ጋ ካሊፎርኒያ ሕጉ ወጥቷል። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። በጥቅሉ 15 ቤትና ከዚያ በታች ያለው አከራይ ነፃ ነው፣ ኩባንያ ካልሆነ። ትልልቆቹ በሰዓቱ የተከፈለውን እንላክላችሁ ወይ ብለው ተከራዩን መጠየቅ አለባቸው። የሚያስከፍሉትም ቢበዛ በወር 10 ዶላር ነው። ተከራዩ ካልፈለገ ይቀራል። እኔ አዎ ብያለሁ።

ነርሷ፣ ከሚኒያፖሊስ፦
እኔ አልስማማም። ዛሬ መልካሙን ብቻ እንላክ ይሉናል። መንገዱ አንዴ ከተከፈተ ነገ የዘገየውንም ይልካሉ። አንድ ጥር ላይ ማሞቂያችን ሞተ። ልጆቼን ጃኬት አልብሼ ነበር የማስተኛቸው። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ ሰሚ የለም። ሚኒሶታ ውስጥ ኪራዩን ፍርድ ቤት አስይዞ መክሰስ ይቻላል። ያንን እንደማደርግ ስነግራቸው በማግስቱ ሠራተኛ ላኩ። ኪራዬ ከክሬዲቴ ጋር ታስሮ ቢሆን ኖሮ ያንን ቃል የምናገር ይመስላችኋል? እኔ አፌን እዘጋ ነበር።

ሾፌሩ፦
ይሄን አላሰብኩትም ነበር። እሺ፣ መልካሙ ብቻ ይላክ፣ ያውም በተከራዩ ፈቃድ። ግን ፈጽሞ አይላክ ማለት እንደ ጠያቂያችን ያለችውን ቤት መከልከል ነው።

የብድር ሠራተኛው፦
ከሁለታችሁም የማልርቅ ነኝ፣ ግን ጠያቂዋ ዛሬ ማድረግ የምትችለውን ልናገር። የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛው ፋኒ ሜይ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ የመጀመሪያ ቤቱን የሚገዛ ሰው ኪራይ በባንክ ስቴትመንቱ ላይ በየወሩ ሲወጣ ከታየ ይቆጥርለታል። የጎደለ ወር ካለ ደግሞ አይቀንስበትም። መታየት ያለበት 12 ወር ነው። መከራው በጥሬ ገንዘብ የተገዛ መኒ ኦርደር ስቴትመንት ላይ አይወጣም። ጉርዶቹን ግን እንዳትጥያቸው፤ ማመልከቻን በኮምፒውተር ሳይሆን በሰው የሚመረምር አበዳሪ ሊቀበላቸው ይችላል። ኪራይ የሚያሳውቁ አገልግሎቶችም አሉ። ከነሱ አንዱ ኢሱሱ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የተቋቋመ። ስሙ የምዕራብ አፍሪካ እቁብ ነው። እኛም እቁባችንን ስንጥል ኖረን ማንም ያልመዘገበልን ሰዎች ስለሆንን ስሙን ስሰማ ደስ ይለኛል። ብቻ ከመክፈልሽ በፊት ለየትኛው ቢሮ እንደሚልኩ ጠይቂ፤ ለአንዱ ብቻ የሚልክ አለ።

አከራይዋ፦
ልጄ፣ ባለቤቱን ደብዳቤ ጠይቂው። ስድስት ዓመት በሰዓቱ እንደከፈልሽ ይፈርምልሽ። እኔ ብሆን ዛሬውኑ እጽፍልሽ ነበር።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ተባረኩ። ትናንት ማታ ጉርዶቹን ምንጣፍ ላይ ዘርግቼ በየዓመቱ ደረደርኳቸው። አንድ ብቻ ጠፋኝ፣ የወረርሽኙ ጊዜ ነው። ከመጪው ወር ጀምሮ በቼክ ነው የምከፍለው። ቆርቆሮውን ይዤ ሌላ አበዳሪ ጋ ሰኞ ቀጠሮ አለኝ።